ውጤቱን ይዛችሁ ወደ ታካሚው ክፍል ሂዱ

ልጆቼ፣ በጎንደር የላቦራቶሪ ሙያ የጀመራችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ፤ ሥራችሁ የባክቴሪያውን ስም ወረቀት ላይ በማስፈር አያበቃም።

ከመተማም ሆነ ከደምቢያ የሚመጣው ታካሚ ብዙ ጊዜ መድኃኒት ቤት የገዛውን አሞክሲሲሊን ጀምሮ ያቋረጠ ነው። ሆስፒታል ሲተኛ ሴፍትሪያክሰን የተባለ በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል። ደሙ ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አብቅሎ ለመለየት፣ የሚቀዳው ከመርፌው በኋላ ከሆነ፣ ሰውየው በትኩሳት እየነደደ ጠርሙሱ ምንም ላያበቅል ይችላል። ስለዚህ ከነርሶች ጋር ተዋደዱ። ናሙናው ከመጀመሪያው መርፌ በፊት እንዲወሰድ አስረዱ፤ አስፈላጊ ከሆነም ጠርሙሱን ራሳችሁ አድርሱላቸው።

የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ለማየት አንቲባዮቲክ የያዘውን ትንሽ ዲስክ ባክቴሪያው በተዘራበት ሳህን ላይ ስታስቀምጡ አትቸኩሉ። በጨው ውሃ የበጠበጣችሁት ባክቴሪያ ድፍርስነቱ ከ0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) ጋር ካልተስተካከለ፣ በዲስኩ ዙሪያ የምትለኩት ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ያሳስታችኋል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ በ30 ማይክሮግራም የሴፎክሲቲን ዲስክ ዙሪያ 22 ሚሊ ሜትር ካሳየ በክሎክሳሲሊን ሊታከም ይችላል፤ 21 ከሆነ አይታከምም። አንዲት ሚሊ ሜትር ናት። ላም ሸጦ የመጣ ገበሬ የማይሠራ መድኃኒት ለቀናት እንዳይወጋ የምታደርገው እርሷ ናትና፣ እባካችሁ በዓይን ግምት አትመዝግቡ።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ክሌብሲየላ የተባለው ባክቴሪያ ነው። መድኃኒት የሚቋቋምበትን ዘረመል ፕላዝሚድ በሚባል ክብ ዲኤንኤ ላይ ይዞ ኢ.ኮላይ ለተባለው ሌላ ባክቴሪያ ጭምር ያካፍላል፤ እሳት እንደሚጫጫሩ ጎረቤቶች የሰጪው አይጎድልም፣ የተቀባዩ ይቀጣጠላል። ከአልጋ ወደ አልጋ የሚያሻግረው ግን በአብዛኛው የእኛው የጤና ባለሙያዎች እጅ ነው። ሴመልዌይስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ሲያደርግ፣ የወላዶች ሞት በአጭር ጊዜ ቀነሰ። በዚያን ጊዜ አንቲባዮቲክ የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬም አንቲባዮቲክ የማይበግረውን ባክቴሪያ ሳሙናና አልኮል ከእጅ ላይ ያስወግዱታል።

በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሁለት ሕፃናት ላይ ያንኑ ክሌብሲየላ፣ ያንኑ የመድኃኒት መቋቋም ካያችሁ፣ ወረቀቱ በተላላኪ እስኪደርስ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ሄዳችሁ ለተረኛው ሐኪምና ለነርሶቹ ኃላፊ በቃል ንገሩ። ሕፃናቱ ከሌሎቹ እንዲለዩ፣ የእጅ መታጠቢያው፣ የመምጠጫ ቱቦውና ማሞቂያው እንዲፈተሹ ጠይቁ። ባክቴሪያውንም አትጣሉት፤ ሦስተኛ ሕፃን ቢታመም ታመሳክሩበታላችሁና በማቀዝቀዣ አስቀምጡት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሆነም ለሰኞ አታሳድሩት።