ምናባዊና ሳይንሳዊ ልብወለድ እጽፋለሁ፤ ስለ ውሎዬ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቀን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ማለዳ ማለዳ ደግሞ ልብወለድ እጽፋለሁ፤ ስለ ሌሎች ፕላኔቶች፣ ስለ ዘንዶ፣ ገና ስላልመጣ ዘመን። ሁለት መጻሕፍት አሳትሜያለሁ፣ ሦስተኛው እጄ ላይ ነው። ስለ ሥራው በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ የዛሬን ከሰዓት ለእናንተ ሰጥቻለሁ።

ቀንሽ ምን ይመስላል? ስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?

ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ሻዩን ማታ በፔርሙዝ አዘጋጅቼ አድራለሁ። ስልኬ ሌላ ክፍል ነው የሚያድረው። እስከ 12 ሰዓት ተኩል እጽፋለሁ፤ ከዚያ ልጆች መቀስቀስ፣ ቁርስ፣ ሥራ። ደህና በሆነ ቀን አንድ ገጽ ተኩል ይወጣኛል። አንዳንድ ቀን አንድ አንቀጽ ብቻ። ማታ አዲስ ነገር አልጽፍም። የጠዋቱን አነባለሁ፣ ስምና ቁጥር አስተካክላለሁ። እሁድ አልነካውም።

ለመጻፍ ብዬ ሥራዬን ልለቅ አስቤያለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?

አትልቀቅ ወንድሜ። አሜሪካዊቷ ኦክታቪያ በትለር ሳህን እያጠበች፣ ፋብሪካ ውስጥ የድንች ቺፕስ እየመረመረች ነው የጻፈችው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እየተነሳች ትጽፍና ወደ ሥራዋ ትሄድ ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. የማክአርተር ሽልማትን ስታገኝ ከሳይንሳዊ ልብወለድ ጸሐፊዎች የመጀመሪያዋ ሆነች። እንግሊዛዊው ቴሪ ፕራቼትም በኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት የፕሬስ ሠራተኛ ሆኖ፣ ስለ ኑክሌር ማመንጫዎች ለጋዜጠኛ እየመለሰ፣ ማታ ማታ 400 ቃል ይጽፍ ነበር። 400 ቃል ትንሽ ይመስላል። በ365 ስታበዛው ግን 146,000 ነው፤ ወፍራም መጽሐፍ ይወጣዋል።

ፈጠራ ከሆነ ሳይንሱ ትክክል ባይሆን ምን ችግር አለው?

ይሄን ጥያቄ ስለምወደው ረዘም አድርጌ ልመልስ።

አሁን የምጽፈው ታሪክ እናት አዲስ አበባ፣ ልጅ ማርስ ላይ የሆኑበት ነው። የሬዲዮ መልእክት በብርሃን ፍጥነት ቢሄድም ማርስ ለመድረስ፣ ፕላኔቶቹ ሲቀራረቡ 3 ደቂቃ ያህል፣ ሲራራቁ 22 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። መሐሉን 12 ደቂቃ እንበል። አሁን እናትና ልጅን በሐሳባችሁ አስቀምጧቸው። «እንዴት ነሽ?» 12 ደቂቃ። «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ሌላ 12። ጤናሽስ፣ እንቅልፍስ፣ ምግብስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን... የእኛ ሰላምታ እኮ በምልልስ ነው የሚያምረው። አምስት ጊዜ ተጠያይቀው ተመላልሰው ሳይጨርሱ ሁለት ሰዓት ይሞላል!

ለሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት እዚህ ላይ ቆምኩ። አንድ መስመር አልጻፍኩም። በአራተኛው ቀን የአያቴ ደብዳቤዎች ትዝ አሉኝ። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።» መልሱ በሳምንት ይሁን በወር እንደሚመጣ ስለማታውቅ፣ ጠይቃ፣ የራሷን መልሳ፣ መርቃ ነበር የምትዘጋው። የእናትየዋ ድምፅ በዚያው መጣልኝ። ማርስ ላይ ላለች ልጇ በድሮ ደብዳቤ ወግ ትናገራለች። ያንን ምዕራፍ የሰጠኝ የብርሃን ፍጥነት ነው። መልእክቱ ወዲያው ይደርሳል ብዬ ባልፈው ኖሮ ተራ የስልክ ወሬ ይሆን ነበር።

ሌላም አለ። የማርስ ስበት ከምድር 38 በመቶ ነው። ከእጅ ያመለጠ የቡና ሲኒ መሬት እስኪደርስ እዚህ ከሚወስድበት 1.6 እጥፍ ያህል ጊዜ ይወስድበታል። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ትቀልበዋለች። የማርስ ዓመት ደግሞ 687 የምድር ቀን ነው። ታዲያ እንቁጣጣሽ መቼ ይከበር? እናትና ልጅ በዚህ ይከራከራሉ።

ለጠፈር ነገሮች አማርኛ ቃል ከየት ታገኛላችሁ?

ከሚመስለው በላይ አለን። ጠፈር፣ ምሕዋር፣ መንኮራኩር። መንኮራኩር በግእዝ መሽከርከሪያ ማለት ነው፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል ያየው። እኛ ዛሬ ለጠፈር መርከብ እንጠቀምበታለን። ሮቦትንና ሳተላይትን ግን እንዳሉ ነው የምጽፋቸው። ማንም የማይጠቀምበት አዲስ ቃል ፈጥሮ አንባቢን ማስቸገር አልወድም።

ከስሞቹ ይልቅ የሚከብደው ግሡ ነው። አማርኛ «መጣ» ወይ «መጣች» ሳትል አያሳልፍህም። ወንድም ሴትም ያልሆነ ፍጡር ሲመጣስ? በሁለተኛው መጽሐፌ «እሳቸው» አልኩት። አንቱታ ጾታ አይለይም። «መጡ፣ ተቀመጡ፣ በስድስት ዓይናቸው አዩኝ።» የሚገርመው፣ አንባቢዎች ፍጡሩን እንደ ሽማግሌ አክብረው አነበቡት። ታሪኩም ወደዚያው ሄደ፤ በመጨረሻ ሸንጎ ላይ እንዲዳኙ አደረግኳቸው። በእንግሊዝኛ ብትጽፊ አንባቢ ይበዛልሽ ነበር ላላችሁኝም መልሴ እዚህ ውስጥ አለ። እኚህን ሽማግሌ የሰጠኝ አማርኛ ነው።

የገጸ ባሕርይ ስም እንዴት ትመርጫለሽ?

ትርጉሙን አያለሁ፣ አሁን ደግሞ ፊደሉንም። የማርሷ ልጅ መጀመሪያ ፀሐይ ነበረች። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ፤ ስቸኩል በአራቱም ጽፌያታለሁ። ኮምፒውተሩ አንዱን ሲፈልግ ሌላውን አያገኝም። ስሟን ልቀይር ስል ደግሞ ሰማይ ላይ ያለችው ፀሐይም አብራ ተቀየረች። አንድ በአንድ ለመመለስ ሳምንት ፈጀብኝ። አሁን ለምለም ናት። በአንድ ዓይነት ፊደል ብቻ ነው የምትጻፈው። ሣር በማይበቅልበት ምድር ላይ ለምለም የምትባል ልጅ መኖሯንም ወደድኩት።

ከጎንደር ነኝ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ። ስለ ዘንዶ መጻፍ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር እትዬ?

ከአርዌ ጀምር የኔ ልጅ። በአክሱም ነግሦ ግብር ሲያስገብር ስለኖረው ዘንዶ ታላላቆችህን ጠይቅ። የገደለው ጀግና በጉልበት እንዳልሆነ ይነግሩሃል፤ መርዝ የበላች ፍየል አብልቶ ነው። ዘንዶው ሆዳም ነው፣ ሰውየው ዘዴኛ ነው። ኃይልም ድክመትም ያለው ፍጡር ስትይዝ ታሪክ አለህ። የዘንዶህን ሕግ አንድ ገጽ ላይ ጻፍ፦ ምን ይበላል፣ ምን ይፈራል፣ ምን አይችልም። ያንን ገጽ ጠረጴዛህ ላይ ለጥፈው።

መብራት ሲጠፋስ?

በደብተር እጽፋለሁ። አንዴ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሬ ተበላሽቶ ሁለት ምዕራፍ አጥቻለሁ። አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ የጻፍኩትን ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልካለሁ፣ በፍላሽም አስቀምጣለሁ። ዛሬውኑ እንደዚህ አድርጉ፣ እባካችሁ።

ገንዘብ አለው?

እስካሁን አይደለም። የማሳተሚያውን ከኪሴ ነው የከፈልኩት፤ አከፋፋዩም መጽሐፍ ቤቱም ድርሻ አላቸው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ወጪውን መለሰ፣ ሁለተኛው ገና ነው።

ይሄ ነገር ለእኛ አገር ሩቅ አይመስልሽም?

አይመስለኝም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጠቅ ተማሪዎቼ ስለ ምሕዋር ጠይቀው ጠይቀው ክፍለ ጊዜው አለቀብን። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። አንዷ ተማሪዬ «ቲቸር፣ እዚያ ለመሥራት ምን ልማር?» ብላኛለች። የለምለምን ነገር የጀመርኩት በዚያ ሳምንት ነው።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ነገ ጠዋት ምን ትጽፊያለሽ?

የልጅቷን መልስ። የእናትየዋ መልእክት ዛሬ ጠዋት ተልኳል፤ ለምለም ሰምታዋለች። እንደ እናቷ በደብዳቤ ወግ ትመልስላት ወይስ እንደ ዘመኗ ልጅ በአጭሩ፣ ገና አልወሰንኩም። የመጀመሪያው ቃል «እማ» እንደሚሆን ግን አውቃለሁ።

አመሰግናለሁ። ሻዩን ላፍላ፣ ልተኛ።