የድሮ አስፈሪ ፊልም ለምን ያስቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ቅዳሜ ማታ የአክስቴን ልጆች ሰብስቤ እ.ኤ.አ. በ1931 የተሠራውን የደም መጣጭ ጭራቅ ፊልም «ድራኩላ»ን ከፈትኩላቸው። ብርዱ አለ፣ ጋቢ ለብሰናል፣ መብራት አጥፍተናል። ልጆቹ ግን ሳቁ! እውነቱን ለመናገር እኔንም እንቅልፍ ወሰደኝ። ችግሩ የኛ ነው የፊልሙ?

መልስ፦ የአጀማመሩ ነው ወንድሜ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) «ድራኩላ» ሲሠራ ፊልም ድምፅ ማውጣት ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፣ ከመክፈቻው በኋላም ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል። እኛ ደግሞ ሙዚቃው «አሁን ደንግጡ» ካላለን አንደነግጥም። በዚያ ላይ ያንን የድራኩላን ካባ ልጆቹ በካርቱን ስንቴ አይተውታል! ድራኩላን ሆኖ የሚጫወተው ቤላ ሉጎሲ ዋናው ሆኖ ሳለ ኮራጅ ይመስላቸዋል። አይፈረድባቸውም።

እኔ ብሆን ከቅርቡ ጀምሬ ወደኋላ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»፣ 1968። ርዕሱ ሲቀየር የቅጂ መብት ማሳወቂያው አብሮ ስለወደቀ ፊልሙ የማንም ንብረት አይደለም፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። መጨረሻው ግን ይከብዳል፣ ትንንሾቹን ቀድመህ አስተኛቸው። ቀጥሎ የሂችኮክ «ሳይኮ»፣ 1960። የመታጠቢያ ቤቱ ግድያ ደም የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማንም አይለየውም። ይህን ለልጆቹ አስቀድመህ እንዳትነግራቸው።

ከዚያ በኋላ ነው «ኖስፌራቱ»፣ 1922። ድምፅ የለውም፣ ግን ለኔ ከ«ድራኩላ» ይልቅ የሚያስፈራው እሱ ነው። ጭራቁ ቆንጆ መኳንንት አይደለም፤ መላጣ፣ ጥርሱ የአይጥ፣ ጥፍሩ ረጅም። ደረጃ ሲወጣ የምናየው ጥላውን ብቻ ነው፤ ጣርማበር ላይ በጉም ውስጥ የሚመጣው ነገር ምን እንደሆነ ሳይለይ እንደሚያስፈራው ነው። ፊልሙ የ«ድራኩላ»ን መጽሐፍ ያለፈቃድ ወስዶ ስለተሠራ የደራሲው ባለቤት ከሰሱ፣ ፍርድ ቤትም ቅጂዎቹ እንዲጠፉ አዘዘ። ደግነቱ አንዳንዶቹ ተረፉ። «ድራኩላ»ን መጨረሻ ላይ መልሰህ እየው፣ ዝምታው ያን ጊዜ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና ነኝ። የድሮውን የጠፈር ተከታታይ ፊልም «ስታር ትሬክ»ን ስከፍት ወንድሜ «ካርቶን ነው!» እያለ ያሾፍብኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ እውነቱን ነው በይው እህቴ። ብር አልነበራቸውም። ግን የጠፈር መርከቧን በየሳምንቱ ፕላኔት ላይ ማሳረፍ ውድ ስለሆነባቸው ነው ሰዎቹን እዚህ አጥፍቶ እዚያ የሚያወጣውን ማሽን የፈጠሩት። የሐኪሙ መሣሪያዎችም የተወሰኑት የጨው መነስነሻ ነበሩ። እኔ እንዲያውም ይሄን እያወቅሁ ሳየው ይበልጥ ደስ ይለኛል።

ካልተዋጠለት «ትዋይላይት ዞን» የሚባለውን የቴሌቪዥን ተከታታይ አሳዪው። ከ1959 እስከ 1964 የታየ፣ 156 ክፍል ያለው ነው። እያንዳንዱ ታሪክ ለብቻው ስለሚያልቅ ከየትም መጀመር ይቻላል። ፈጣሪውና ጸሐፊው ሮድ ሰርሊንግ ስለ ዘረኝነት በግልጽ ሲጽፍ ስፖንሰሮች እየቆረጡ ሲያስቸግሩት ነገሩን ወደ ማርስ ሰዎች አዞረው፣ ያኔ ዝም አሉት። በ1960 የታየውን የሜፕል ጎዳናን ክፍል ፈልጊ፦ በአንድ ሰፈር መብራት ይጠፋል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን መጠርጠር ይጀምራል። ስልክሽን ሙሉ ቻርጅ አድርጊና መብራት በሄደበት ማታ ክፈቺለት።