ስለ ባለ 21 አሃዙ ቁጥር ለጠየቃችሁኝ

ቁጥሩ 147,573,952,589,676,412,927 ነው። 67 ሁለቶችን አባዝታችሁ 1 ስትቀንሱ ይመጣል። ያልገባችሁን ጠይቁ ብያችሁ ነበር፤ የደረሱኝን ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ የሌለው) ነው ወይስ ሌላ አካፋይ አለው?

አለው። 193,707,721ን በ761,838,257,287 ስታባዛው እሱን ይሰጥሃል። ሁለቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ አካፋዮቹ አራት ብቻ ናቸው፦ 1፣ እነዚህ ሁለቱ እና ራሱ።

ጥያቄ፦ በስልኬ ሳባዛቸው መጨረሻው ላይ ዜሮ ደረደረብኝ። እንዴት ልመን?

ብዙ ካልኩሌተር 21 አሃዝ አይዝም፣ ያጠጋጋል። በእጅሽ ሞክሪው። የመጨረሻ አሃዞቻቸው 1 እና 7 ናቸው፤ ብዜታቸው 7፣ ትልቁም በ7 ያልቃል። አሁን አሃዞቹን ደምሪ፦ የመጀመሪያው 37፣ ሁለተኛው 64፣ ትልቁ 109 ይሆናል። ሦስቱም ለ9 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ነው፤ 1 በ1 ደግሞ 1። ይህ ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም፣ ግን አብዛኛውን ስህተት ይይዛል። ልብሽ የሚያርፈው ወረቀት ላይ ስታባዢው ነው።

ጥያቄ፦ ማን ደረሰበት?

ፈረንሳዊው መነኩሴ ሜርሰን በ1644 ብቸኛ ነው ብሎ መዝግቦት ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1876 ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካስ ብቸኛ አለመሆኑን አሳየ፤ አካፋዮቹን ግን አላገኘም። በ1903 አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ፍራንክ ኔልሰን ኮል በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ አቀረባቸው። እንደሚነገረው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በሰሌዳው አንድ ጎን 67 ሁለቶችን አባዝቶ 1 ቀነሰ። በሌላው ጎን ሁለቱን አካፋዮች አባዛ። ውጤቱ አንድ ሆነ፤ ተመልሶ ተቀመጠ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ለስንት ጊዜ ደከምክበት ቢሉት «የሦስት ዓመት እሑዶች» አለ ይባላል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ጥያቄ፦ አካፋዩን ሳያውቁ ብቸኛ አለመሆኑን ማወቅ እንዴት ይቻላል?

ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ይሄ ነው። በ91 እንየው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ፌርማ ያገኘው ሕግ አለ፦ 91 ብቸኛ ቢሆን ኖሮ 90 ሁለቶች ተባዝተው ለ91 ሲካፈሉ ቀሪው 1 መሆን ነበረበት። 12 ሁለቶች 4096 ናቸው። 4096 ደግሞ 45 ጊዜ 91 ሲደመር 1 ነው። ስለዚህ በየ12ቱ ቀሪው ወደ 1 ይመለሳል። 90 ውስጥ 12 ሰባቴ ገብቶ 6 ይተርፋል፤ ስድስት ሁለቶች 64 ናቸው። ቀሪው 64 ሆነ፣ 1 አይደለም። አለቀ! 7 እና 13ን ስማቸውን እንኳ አላነሳንም።

ግን ተጠንቀቁ። 341 ይህን ፈተና ያልፋል፤ እሱ ግን 11 በ31 ነው። የእኛ ባለ 21 አሃዝም በ2 ከተፈተነ ያልፋል። ለዚህ ነው ሉካስ ሌላ፣ የጠበቀ ፈተና ያስፈለገው።

ጥያቄ፦ ኮል ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነው የሞከረው?

ኧረ አይደለም። የዚህ ቁጥር ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ከ134 ብዜት በ1 መብለጥ አለበት። እዩት፦ 134 በ1,445,580 ሲባዛ 193,707,720 ነው፤ 1 ጨምሩበት። ይህ ብቻውን እጩዎቹን በእጅጉ ያሳንሳል፤ እሱ ግን ሌሎች ማጣሪያዎችም ነበሩት።

ጥያቄ፦ ለዛሬ ኮምፒውተርስ?

ይሄማ በቅጽበት ነው። ከፍ ሲል ግን ይከብዳል። አካፋዮቹን ፈልጉ ተብሎ ለውድድር የቀረበው፣ አርኤስኤ-250 የሚባለው ባለ 250 አሃዝ ቁጥር አካፋዮቹ በ2020 ተገኙ። የባለ 617 አሃዙ የአርኤስኤ-2048 አካፋዮች ግን ገና አልተገኙም።

ጥያቄ፦ ብቸኛ አለመሆኑ ታውቆ አንድም አካፋይ ያልተገኘለት ቁጥር ዛሬም አለ?

አለ። 16,777,216 ሁለቶችን አባዝተህ 1 ጨምር። 5,050,446 አሃዝ አለው። ብቸኛ አለመሆኑ በ1999 በስሌት ታወቀ። ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋዩን ግን እስካሁን ያየ የለም።