የጥርን ሰርግ ሁሉ ጥር ላይ ማስረከብ የለብህም

በደብዳቤህ ያልከው ባጭሩ ይህ ነው። ዕድሜህ 26 ነው፣ በአይሲቲ ተመርቀሃል፣ ለሦስት የአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች በፍሪላንስ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ታደርጋለህ። ጥር ሲገባ ሌሊቱን በጫት እየገፋህ ሦስት ሰዓት ብቻ ትተኛለህ። ሁዳዴ ሲይዝ ደግሞ ብር ያልቅብህና ትበደራለህ፤ ሥራ ሳይኖርም እንቅልፍ አይወስድህም። እናትህና አጎትህ «መንግሥት ቤት ግባ» ይሉሃል። ኮምፒውተር በብድር ስለመግዛትና ስለ እቁብም ጠይቀኸኛል።

ሥራው በዝቶብህ አይደለም። የማስረከቢያ ቀንህ ነው የተበላሸው፤ የገንዘቡም ጣጣ ከዚያ ይመጣል።

ባለፈው ጥር ዘጠኝ ሰርግ ይዘህ ነበር። የሦስት ካሜራ ምስል ከድምፅ ጋር ማገጣጠም፣ መቁረጥ፣ ቀለም ማስተካከል፣ ዘፈን ማስገባት፣ እርማት መመለስ፤ አንዱን ሰርግ 30 ሰዓት እንበለው። ዘጠኙ 270 ሰዓት ይሆናል። በሦስት ሳምንት ልጨርስ ካልክ በሳምንት 90 ሰዓት ትሠራለህ፤ ይህን ሰውነት አይችለውም። በዘጠኝ ሳምንት ከከፋፈልከው ግን በሳምንት 30 ሰዓት ብቻ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የኦርቶዶክስ ሰርግ ስለማይኖር የሰርግ ምስል የያዘ አዲስ ሃርድ ዲስክ እምብዛም አይመጣልህም። ለኤዲቲንግ የተመቸውን ጊዜ ባዶ እጅህን ተቀምጠህ እየተበደርክ ታሳልፈዋለህ።

ሙሽሮች የሚቸኩሉት ለቲክቶክና ለቴሌግራም ለሚሆነው አጭር ቅንብር ነው። እሱን፣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚሆነውን ሃይላይት፣ በ10 ቀን ስጥ። ሙሉውን ፊልም ከ60 እስከ 75 ቀን ባለው ጊዜ አስረክብ። የስቱዲዮው ባለቤት «ደንበኛ ይቆጣል» ይልሃል። ደንበኛው የሚቆጣው በሁለት ሳምንት ይደርሳል ተብሎ ቃል ስለተገባለት ነው። ስለዚህ ቀኑ ስቱዲዮው ከሙሽሮቹ ጋር በሚፈርመው ውል ላይ መግባት አለበት፤ ይህን ደግሞ የምትነጋገረው ታኅሣሥ ላይ፣ ጾመ ነቢያት ሳያልቅና ገበያው ሳይሞቅ ነው። ጥር 12 ላይ ብታነሳው የሚሰማህ የለም።

ቀኑ ከተስተካከለ በኋላ ገንዘቡ ይከተላል። አንድ ገጽ ስምምነት ይበቃል፦ ምን ምን እንደምታስረክብ፣ እርማት ሁለት ዙር ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለው በሰዓት እንደሚከፈል፣ ዘፈኖቹ ኤዲት ከመጀመሩ በፊት ተመርጠው እንደሚላኩ። ክፍያው ሃርድ ዲስኩን ስትረከብ 50 በመቶ፣ ሃይላይቱን ስትሰጥ 30፣ ሙሉውን ፊልም በዋናው ጥራት ከመላክህ በፊት 20 ይሁን። ለማሳያ የምትልከው ዝቅ ባለ ጥራት፣ ስምህ የተጻፈበት ኮፒ ይሁን። ወረቀቱ ላይ ግን የመጀመሪያውን 50 በመቶ «ቅድሚያ ክፍያ» በለው እንጂ «ቀብድ» አትበለው፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል።

ግማሹን አስቀድሞ የማይከፍል ስቱዲዮ ይኖራል። ለእሱ አንድ ደንብ አውጣ፦ የመጀመሪያው ሰርግ ሂሳብ ሳይዘጋ ሦስተኛው ሃርድ ዲስክ ቤትህ አይገባም። ሦስት ስቱዲዮ ይዘህ ይህን መናገር ካልቻልክ የምትሠራው በነፃ ነው።

ለረጅም ዓመታት ደመወዝ ሳዘጋጅ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ምክሬ ወደዚያ ያደላል፦ ለራስህ ደመወዝ ክፈል። የባንክና የቴሌብር የ12 ወር መግለጫህን አውጣና ደምር። ለምሳሌ 360,000 ብር ገባ እንበል። ለኢንተርኔት፣ ለመብራት፣ ለሃርድ ዲስክ 60,000 ቀንስ፤ ለግብር 45,000 ለይተህ አስቀምጥ። 255,000 ይቀራል፣ ለ12 ሲካፈል 21,250 ነው። አንተ ግን 18,000 ብቻ ውሰድ፤ ልዩነቱ በዓመት 39,000 ብር መጠባበቂያ ይሆንሃል። ገቢው ሁሉ በአንድ ሂሳብ ይግባ፣ ወር በገባ በ1ኛው ቀን 18,000ው ወደ ሌላው ይዛወር። የኤቲኤም ካርዱ የሁለተኛው ሂሳብ ብቻ ይሁን።

ስለ ቤተሰብህ ደስ የማይል ነገር ልናገር። ሁዳዴ ላይ የምትበደረውን ብር ጥር ላይ ያደልከው ራስህ ነህ። ለእናትህ በየወሩ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ስጥ፣ ጥርም ይሁን ነሐሴ ያው ይሁን። እሳቸው «ቋሚ ሥራ» ሲሉ የሚሹት ቢሮውን ሳይሆን ቀኑን ጠብቆ የሚገባውን ብር ነው፤ ስድስት ወር ሳይቋረጥ ካዩት ንግግራቸው ይለወጣል። የታናሽ ወንድምህን የትምህርት ቤት ክፍያ ብቻህን እንደምትሸፍን ጽፈሃል። ምክር የሚሰጡት አጎትህ ክፍያውንም ይጋሩ።

ያም ሆኖ ቅጥርን አትናቅ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ተቀጣሪ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ መደበኛ ሥራ የለበትም። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው፤ ቢታመም የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያገኛል። በግል ድርጅት ጡረታ እሱ 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍላሉ። ይህን ሁሉ አንተ ከኪስህ ነው የምትሸፍነው፤ ዋጋ ስትተምን አስበው። በኔ ግምት የሚሻልህ በሳምንት ሦስት ቀን የሚያሠራህ የማስታወቂያ ድርጅት ወይም የሚዲያ ቤት ማግኘት፣ የቀረውን ጊዜ ለሰርግ ማዋል ነው። ደግሞም አንዱ ስቱዲዮ በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት ግባ፣ በኔ ማሽን ሥራ፣ አለቃህ እኔ ነኝ የሚልህ ከሆነ፣ ስምህ ፍሪላንሰር ቢባልም በሕግ ፊት ሠራተኛ ልትሆን ትችላለህ። የሥራ ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክር።

ኮምፒውተሩን በብድር አትግዛ። ፋይሉን ወደ ፕሮክሲ (ለኤዲት ብቻ የሚሆን፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ ቀላል ቅጂ) ቀይረህ ከቆረጥክ አሁን ያለህ ማሽን ይሠራል፤ ከአዲስ ማሽን ይልቅ ሁለተኛ የመጠባበቂያ ሃርድ ዲስክና መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ዩፒኤስ ይቅደም። ለራስህ የምትከፍለው በወር ስለሆነ እቁብ የሳምንቱ አይሆንህም፣ የወሩን ግባ። ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አውጣ፤ ድርጅት ሲከፍልህ ቲን ከሌለህ ከፍ ያለ ግብር ሊቆርጥብህ ይችላል። ቤተሰባችሁ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል መሆን ይችል እንደሆነ ወረዳ ጠይቅ፤ ምዝገባው ወቅት አለው።

የስቱዲዮ ቴሌግራም ማታ 2 ሰዓት ላይ ድምፁ ይጥፋ፤ ኤክስፖርቱን (ያለቀው ቪዲዮ ወደ መጨረሻ ፋይል የሚወጣበትን ሥራ) አስጀምረህ ተኛ፣ ማሽኑ አንተን አይፈልግም። ጫቱ የሌሊት ሰዓት አይጨምርልህም፤ በማግስቱ የምታርመውን ስህተት ነው የሚያበዛው። ሥራ በቀለለበት ወቅትም እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ካስፈለገ ወደ አእምሮ ሐኪም ይልኩሃል። ስትጠየቅ የጫቱንም መጠን ተናገር፤ ካልተናገርክ የሚታዘዝልህ ነገር ላይሠራ ይችላል።