መጀመሪያ ዳርክ ማተር በሌለበት ፈልጉ

ውድ ልጆች፣

አንዲት ተማሪ «እንጦጦ ላይ ያሉት ቴሌስኮፖች ዳርክ ማተርን ሊፈልጉ ይችላሉ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዳርክ ማተር እስካሁን በስበቱ ብቻ የታወቀ፣ የማይታይ ቁስ ነው። በጋማ ጨረር፣ ማለትም እጅግ ከፍተኛ ኃይል ባለው ብርሃን ከሆነ አይችሉም። ሁለቱም ባለ 1 ሜትር ናቸው፣ የሚሰበስቡትም የሚታይ ብርሃን ነው፤ ጋማን አየሩ ውጦ ያስቀረዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የመጠቀችው፣ ጋማን ከጠፈር የምትመለከተው ፌርሚ ሳተላይት የያዘቻቸው ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ግን አንድ በአንድ ለማንም በነፃ ተለቅቀዋል። መልሴ እዚህ ባበቃ ነበር፤ ጥያቄዋ የ2012ን (እ.ኤ.አ.) ቁጭት ቀሰቀሰብኝ እንጂ።

በዚያ ዓመት ክሪስቶፍ ቬኒገር የተባለ የፊዚክስ ተመራማሪ በፌርሚ ዳታ ውስጥ፣ በጋላክሲያችን መሃል አካባቢ 130 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የፎቶን ኃይል መለኪያ) ላይ የተከማቹ ፎቶኖች አገኘ። ሁለት የዳርክ ማተር ቅንጣቶች ተጠፋፍተው በቀጥታ ሁለት ፎቶን ቢያወጡ እንዲህ ያለ ቀጭን መስመር ይታያል፤ ከዋክብት ይህን ያደርጋሉ ተብሎ አይጠበቅም። የምልክቱ ጥንካሬ 4.6 ሲግማ ነበር፤ ሲግማ ከፍ ባለ ቁጥር ምልክቱ የአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ያንሳል። ብዙ ቦታና ብዙ ኃይል ላይ ሲፈለግ የሆነ ቦታ በአጋጣሚ ግራፉ ላይ ጉብታ መገኘቱ አይቀርምና፣ ያ ሲታሰብ 3.2 ሆነ። ማን ሰምቶ! የንድፈ ሐሳብ ጽሑፍ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ።

ከዚያ ጉዱ መጣ። ከምድር ጠርዝ የሚመጡት ፎቶኖች ተመረመሩ። እነዚህ ኮስሚክ ሬይ (ከጠፈር የሚመጡ ፈጣን ቅንጣቶች) የራሳችንን አየር ሲመታ የሚወጡ ናቸው፤ ዳርክ ማተር እዚያ ምን ቤት ነው? እዚያም በዚያው ኃይል ላይ ጉብታ ታየ። መስመሩም መሣሪያው መለየት ከሚችለው በላይ ቀጠነ፤ እውነተኛ መስመር ቢሆን በመሣሪያው ደብዝዞ ይሰፋ ነበር። በ2015 ተጨማሪ ዳታ ታክሎ፣ ሁሉም እንደ አዲስ ተሠርቶ ሲታይ ምልክቱ ከ1 ሲግማ በታች ወረደ።

የዛሬ ልጆች ኮድ ገልብጣችሁ ግራፉ ሲያምር ታቆማላችሁ። በ2012 የሮጡት ግን ሽበታም ፕሮፌሰሮችም ጭምር ነበሩ።

በፌርሚ ዳታ የሚደረገው ፍለጋ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለ ሱሉልታም ተቀምጦ ይሠራል። የፌርሚን ዳታ የሚያሰላውን ፕሮግራም፣ ፌርሚቱልስን ጫኑ። እንደ ድራኮ ያለ፣ ዳርክ ማተር የበዛበት ድንክ (ትንሽ) ጋላክሲ ምረጡ፤ ጋዝ የለውም፣ ጋማ የሚያመነጭ ሌላ ነገርም ብዙ አይጠበቅበትም። ዙሪያውን 10 ዲግሪ ያህል ውሰዱ። ከ500 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ጀምሩ፤ 100 ላይ የአንዱ ፎቶን አቅጣጫ እስከ 5 ዲግሪ ይስታል። የምድርን ጠርዝ ለማስወገድ ዜኒትን (ከሳተላይቷ አናት በላይ ካለው ነጥብ የሚለካውን ማዕዘን) 90 ዲግሪ ላይ ቁረጡ። ይኸው ቁጥር ኤክስፖዠር (ሳተላይቷ ያንን ቦታ ምን ያህል እንዳየች የሚነግረው መጠን) ሲሰላም ይግባ፤ ከተረሳ ፕሮግራሙ ምንም ሳይናገር ፍሰቱን አሳንሶ ያወጣል።

ጉብታ ካያችሁ፣ ያንኑ ስሌት ምንም ምንጭ በሌለባቸው ብዙ የሰማይ ቦታዎች ድገሙት። ምንም ካላያችሁ ደግሞ ከፍተኛውን ወሰን፣ ማለትም ምልክቱ ቢኖር እንኳ ከዚህ አይበልጥም የሚባለውን መጠን አስልታችሁ ጻፉ፤ ከድንክ ጋላክሲዎች እስካሁን የተገኘው ሁሉ እሱ ነው።