ሯጭ ልጅ ላለችሽ እህቴ፦ ከጫማው በፊት የልደት ወረቀቷን

«ልጄ 14 ዓመቷ ነው፣ በትምህርት ቤቶች ውድድር በ1500 ሜትር አንደኛ ወጣች፣ አባቷ ግን ሴት ልጅ ሜዳ ለሜዳ ምን ታደርጋለች እያለ ነው፣ እንዴት ላበረታታት?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ የኔን ታሪክ ሰርቀሽ የጻፍሽው ነው የመሰለኝ። እኔም ደብረ ብርሃን ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ልጄን እየቀሰቀስኩ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ። ስለ ጫማና ስለ ቱታ ሌሎቹ ነግረውሻል፣ እኔ ሌላውን ልንገርሽ።

1. ዕድሜዋን ማንም እንዳይነካው። ይሄን ቁጥር አንድ ያደረግኩት ስላቃጠለኝ ነው። ልጄ የተወለደችው ኅዳር 1998 ነው። አንድ አሰልጣኝ፣ ደግ የሚመስል ሰው፣ «እናቷ፣ ሁለት ዓመት ቀንሽላት፣ ታዳጊ ምድብ ላይ ብዙ ትቆያለች፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው» አለኝ። እኔ ሞኟ ሰማሁት። ወሳኝ ኩነት ሄጄ 2000 ብዬ አስጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ጸሐፊዋ ደግሞ ወደ ፈረንጅ ስትቀይረው በጅምላ 8 ደምራ 2008 ብላ አረፈችው። ኅዳር የተወለደ ልጅ እኮ የሚደመርለት 7 ነው! ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሃያዎቹ መጀመሪያ ከሆነ 7፣ ከዚያ በኋላ 8። የታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ከሆነ በካላንደር አመሳክሪ። አትሌቲክስ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ከ20 ዓመት በታች የሚባለው ውድድሩ ባለበት የፈረንጅ ዓመት መጨረሻ ላይ 19 እና ከዚያ በታች የሆነችው ናት። አንዲት ዓመት ምድብ ትቀይራለች። እኔ ሁለት አስቀንሼ ሦስት ሆኖ ነው የመጣልኝ።

አንድ ማሰልጠኛ ለምልመላ ጠራት። ሙከራው ላይ ሁለተኛ ወጣች። ስሟ ተጠራ፣ ሻንጣዋን ተሸክማ ገባች። ከሰዓት በኋላ የስምንተኛ ክፍል ካርዷንና የልደት ወረቀቷን ጎን ለጎን አስቀመጡት። በዚያው ሻንጣ በር ላይ አገኘኋት። አላለቀሰችም፣ እሱ ነው የገደለኝ። «እማዬ፣ እኔ ስንት ዓመቴ ነው?» አለችኝ።

ለማስተካከል አስራ አንድ ወር ፈጀብኝ። ቢሮው «ሲስተም የለም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»፣ «ፍርድ ቤት አስወስኚ»። አንዱማ መዝገቡን ሳይገልጥ «ለሩጫ ነው ይሄ ሁሉ? ብታስተምሪያት አይሻልም?» አለኝ። ልጄ ከክፍሏ ሦስተኛ እኮ ነበረች! መልስ ልሰጠው ስል «ያኔ የፈረምሽው ራስሽ አይደለሽ?» አለኝና አፌን አስያዘኝ። እውነቱን ነው፣ አስከፋኝም እሱ ነው። ደጉ አሰልጣኝስ? ስልኩን አላነሳም።

2. አባቷን አትከራከሪው፣ ሜዳ ውሰጂው። ባለቤቴን ሦስት ዓመት ለፈለፍኩበት፣ አንድ ቀን «ገበያ ስንሄድ በዚያ እንለፍ» አልኩት። ቆሞ አየ። የመጨረሻው ዙር ላይ ከኔ በላይ የጮኸው እሱ ነው። አሁን ሰዓቷን በሴኮንድ የሚያውቀው እሱ፣ ለጎረቤት «እኔ ነኝ ያሯጥኳት» የሚለውም እሱ። ይበል።

ጎረቤት «ማኅፀኗ ይጎዳል» ካለሽ ደራርቱን ጥሪላቸው። በ1984 ባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አመጣች፣ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ። ከዚያ ልጅ ወልዳ ተመልሳ በ1993 መስከረም ሲድኒ ላይ ያንኑ ርቀት ደግማ አሸነፈች። ጥሩነሽም ወልዳ ሪዮ ላይ ነሐስ ወስዳለች። የኛ ሰፈር ሴቶች ይሄን ስነግራቸው ዝም አሉ። ለሳምንት ያህል።

3. ደም ማነስ። የወር አበባዋ ከጀመረ ድንገት ፍጥነቷ ሊቀንስ ይችላል። የኔዋ ስትዘገይ ሁለተኛው አሰልጣኝ «ሰነፍሽ፣ ወንድ ያዝሽ እንዴ?» ብሎ ጓደኞቿ ፊት አዋረዳት። ጤና ጣቢያ ወስጄ ደሟን አስመረመርኩ፣ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ኪኒን ሰጧት፣ ምሳ በልታ ወዲያው ሻይ መጠጣትም አስተዋት፣ ሻይ ከምግቡ ላይ ብረቱን ይይዘዋል አሉኝ። በሦስተኛው ወር ተመለሰች። አሰልጣኙ ይቅርታ አልጠየቀም። ስለዚህ ሞዴስና ደህና የጡት መያዣ ከጫማው እኩል ያዢላት፣ ለወንድ አሰልጣኝ አፍራ አትነግረውም።

4. ሽልማት... እዚህ ላይ እናደዳለሁ። የወረዳው ውድድር ላይ መጀመሪያ ወንዶቹ ተሸለሙ። ዋንጫ፣ ማይክ፣ ፎቶ፣ የክብር እንግዳው እጅ መጨበጥ። ሴቶቹ ሲደርሱ እንግዳው መኪናቸው ውስጥ ገብተዋል፣ ማይኩም ተነቅሏል። አንድ ወጣት ሰርተፊኬቶቹን እንደ ሎተሪ አደለ። የልጄን ገልጬ ሳይ የስሙ ቦታ ባዶ ነው። ማኅተም አለ፣ ፊርማ አለ፣ ስም የለም። «ራሳችሁ ሙሉት» አለን። የ3000 ሜትር አንደኛ እኮ ናት!

እዚያው ሣር ላይ ተቀምጠን፣ የትኬት ቆራጭ እስክሪብቶ ተውሼ፣ በኔ የተንጋደደ ጽሑፍ ከነአያቷ ስሟን ጻፍኩ። የአያቷ ስም ላይ ቀለሙ አለቀ፣ የመጨረሻዋ ፊደል ተቧጥጣ ነው ያለችው። ሳሎን ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲህ ደርዘን ሜዳሊያ አምጥታለች፣ ዘንድሮ ክለብ ገብታ ደመወዝ ትቀበላለች፣ ባለፈው ወር ለቤት ስኳርና ዘይት ልካለች። እንግዳ ሲመጣ ግን የምታሳየው ያቺን ወረቀት ነው።

ያንቺም ልጅ ውድድር ሲኖራት እስክሪብቶ ያዢ። ደግሞ የተወለደችበትን ቀንና ወር ጻፊልኝ፣ ቢሮ ከመሄድሽ በፊት 7 ይሁን 8 የሚደመረው እነግርሻለሁ።