“ስለ ጣና የተጻፈ ነገር አጣሁ” ለምትሉ፦ ጥያቄና መልስ

የምሠራው ላይብረሪ ውስጥ ነው። ቴሲስ የጀመሩ የባሕር ዳር ተማሪዎች ስለ ጽሑፍ ፍለጋ የጠየቁኝን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ርእሴ እምቦጭ በጣና ዓሣ አጥማጆች ኑሮ ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው። ርእሱን እንዳለ በእንግሊዝኛ የጥናት ጽሑፍ መፈለጊያው ጎግል ስኮላር ላይ ጻፍኩት፤ የረባ ነገር አልመጣም። ጽሑፍ የለም ማለት ነው?

መልስ፦ ሞልቷል እንጂ! ያልሠራው ርእሱን እንዳለ መጻፍሽ ነው። እስቲ መጀመሪያ ወረቀት አውጪ። ርእስሽ ሦስት ነገር ይዟል፦ አረሙን፣ ቦታውንና ኑሮውን። ለእያንዳንዱ አንድ ዓምድ ስጪና የሚጠራበትን ስም ሁሉ ከሥሩ ጻፊ። እምቦጭ በእንግሊዝኛ ዋተር ሃያሲንት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ለረጅም ጊዜ አይክሆርኒያ ክራሲፔስ ነበር፤ አሁን ፖንቴደሪያ ክራሲፔስ የሚሉት በዝተዋል። በአንዱ ብቻ ከፈለግሽ በሌላው የተጻፈው ያመልጥሻል። ኑሮም ላይቭሊሁድ፣ ኢንካም፣ ፊሸሪስ እየተባለ ይመጣል።

በአንድ ዓምድ ያሉትን ቃላት በኦር (OR፣ “ወይም”) አያይዣቸው፤ ዓምዶቹን ደግሞ በኤንድ (AND፣ “እና”)። ሁለት ቃል የሆነውን ስም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቢው።

አረሙ ጣና ላይ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ስለዚህ ጉዳይ ከዚያ በፊት የነበረውን ፍለጋ አትድከሚ። ቪክቶሪያ ሐይቅን ግን ቀድሞ ወርሮታል። የጣናው ካነሰሽ የቦታውን ስም ቀይሪና የኬንያና የኡጋንዳ ዓሣ አጥማጆች እንዴት እንደተጠኑ እዪ።

ጥያቄ፦ ኦር ብዬ ጻፍኩ፤ ለውጥ የለውም።

መልስ፦ በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈው። ስኮላር በትንሹ የተጻፈውን እንደ ተራ ቃል ነው የሚያየው።

ጥያቄ፦ የእኔ ችግር ተቃራኒው ነው። በሺህ የሚቆጠር መጣብኝ፤ የቱን ላንብብ?

መልስ፦ ሁሉንም አትክፈት። ርእስና አብስትራክት (አጭር ማጠቃለያውን) ብቻ እያየህ ለጥናትህ ቅርብ የሆነ አንድ ጥሩ አርቲክል ምረጥ። ከዚያ በሁለት አቅጣጫ ሂድ። ከመጨረሻው ያለው ሪፈረንስ ወደ ኋላ ይወስድሃል። ስኮላር ላይ ከሥሩ ያለው “ሳይትድ ባይ” ደግሞ እሱን ጠቅሰው በኋላ የጻፉትን ያወጣልሃል። እሱን ስትጫን እነሱ ውስጥ ብቻ የምትፈልግበት አማራጭም አለ። እኔ ከማንኛውም ዘዴ በላይ የማምነው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ ጽሑፉን ልከፍት ስል በዶላር ክፈሉ ይለኛል።

መልስ፦ እንዳትከፍሉ! መጀመሪያ ስኮላር ላይ “ኦል ቨርዥንስ” የሚለውን ተጫኑ፤ ነፃ ቅጂ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። ጆርናሎችን የሚያስነብቡ፣ ለጤና ሂናሪ፣ ለግብርና አጎራ የሚባሉ አገልግሎቶች አሉ፤ የሚከፈቱት በተቋም ስለሆነ የይለፍ ቃሉን ላይብረሪያችሁን ጠይቁ። የአፍሪካ ጆርናሎችን አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። ሁሉም ካልሆነ ለጸሐፊው ኢሜይል ጻፉለት። ሥራዬ ተነበበልኝ ብሎ ደስ ብሎት የሚልክ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ጣና ገዳማት ታሪክ ነው የምሠራው። “ሌክ ጣና” ስል የሚመጣው ስለ ውኃና ስለ ዓሣ ነው።

መልስ፦ የታሪክ ሰው የፊደል አጻጻፍ ላይ መጠንቀቅ አለበት። የድሮ ተጓዦች ሐይቁን ፃና ወይም ደምቢያ ብለው ጽፈዋል። ጎጃም በአንድ ጄይም በሁለት ጄይም ይጻፋል። ዓባይም እንዲሁ በአንድ ቢና በሁለት ቢ፤ ብሉ ናይል የሚለው ሳይረሳ። ሁሉንም ሞክሪ። የገዳሙን ስምም ለብቻው ፈልጊ፤ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል እያልሽ። ጀርመንኛውን ደግሞ አትለፊው። ኤርንስት ሃመርሽሚት የጣና ገዳማትን የብራና መጻሕፍት ካታሎግ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምረው ያሳተሙት በጀርመንኛ ነው፤ ሐይቁም እዚያ “ጣናዜ” ነው።

ጥያቄ፦ የአገራችንን ሰው ጽሑፍ በስሙ ፈልጌ አጣሁት።

መልስ፦ ፈረንጆቹ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዙታል። በራሱም በአባቱም ስም ፈልገው። ዓመቱንም በሁለቱም አቆጣጠር እይ።

ጥያቄ፦ ቻትጂፒቲ የሰጠኝን ሪፈረንስ የትም አላገኘሁትም።

መልስ፦ ርእሱን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገሽ ፈልጊ፤ የጆርናሉንም ድረ ገጽ ገብተሽ ቅጹንና ገጹን እዪ። ከሌለ የፈጠራ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉን በዓይንሽ ሳታዪ ቴሲስሽ ውስጥ አታስገቢው።